ፓክማንን ሳልነካው አሥር ጊዜ ሞትኩ

ነገሩ የተጀመረው ከታናሽ ወንድሜ ጋር በገጠምነው ክርክር ነው። ፓክማን የሚባለውን ቪዲዮ ጌም፣ ነጥብ የሚበላ ቢጫ ክብ ከአራት አሳዳጅ ጣረሞቶች የሚያመልጥበትን፣ ስጫወት አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ያናድድሻል? ጣረሞቶቹ እኮ ዝም ብለው ነው የሚዞሩት። ዕድል ነው» አለኝ። አልተዋጠልኝም። ሁሌ ጥግ ላይ የሚያፋጥጡኝ በዕድል ከሆነማ የሆነ ሰው ረግሞኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ልፈትነው ተነሳሁ። የተጫወትኩት ናምኮ በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የመጀመሪያውን ጌም ነው። አስመስለው የተሠሩት ብዙ ናቸው፤ እነሱ ላይ ይህ ሙከራ ላይሠራ ይችላል።

የመጀመሪያው ሙከራ ለሰነፍ የሚመች ነው። ጌሙን አስጀምሬ እጄን አነሳሁ። ፓክማን በራሱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ጥቂት ነጥቦች ይበላል፣ ግድግዳ ሲገጥመው ቀጥ ይላል። ከዚያ መጥተው ይበሉታል። አዲስ ጌም እየጀመርኩ አሥር ጊዜ ደጋገምኩት፤ ሁሉንም በስልኬ ቀረጽኩ። ያው ጣረሞት፣ በያው መንገድ፣ በያው ቅጽበት። ወንድሜ «አንዱን ቪዲዮ ነው ደጋግመሽ የምታሳዪኝ» ብሎ ስልኬን ነጠቀኝ። እያንዳንዱ የተቀረጸበትን ሰዓት ሲያይ ዝም አለ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ደብተር ላይ መንገድ ሣልኩና እሱን ብቻ እየተከተልኩ ተጫወትኩ፤ በማግስቱም ያንኑ ደገምኩት። እስከ ሦስተኛው መታጠፊያ ጣረሞቶቹ እንደ ትናንቱ ናቸው። አራተኛው ላይ ጣቴ ትንሽ ዘገየ። ሮዟ ሌላ መንገድ ያዘች፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ተለያየ። ለካ ዝም ብሎ የሚሄደው የኔ ጣት ነው! እነሱማ የሚያደርጉትን ያውቃሉ።

እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ቀዩ ብሊንኪ ፓክማን ያለበትን ካሬ ብቻ ያነጣጥራል። ሮዟ ፒንኪ አራት ካሬ ቀድማ ልትጠብቀው ትሮጣለች። ፓክማን ወደ ላይ ሲዞር ግን፣ በፕሮግራሙ ስህተት ምክንያት፣ አራት ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን አራት ወደ ግራም ትስታለች። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ስንቴ አምልጫታለሁ። ሰማያዊው ኢንኪ የብሊንኪን ቦታም አብሮ ስለሚያሰላ አሁንም ያደናግረኛል። የምወደው ክላይድን ነው፤ ከስምንት ካሬ በላይ ሲርቅ ያሳድዳል፣ ሲቀርብ ግን ወደ ግራ ታችኛው ጥጉ ይመለሳል። ዕድል የሚመስለው በዋናነት እሱ ነው። በዚያ ላይ አራቱም በሰዓት ነው የሚሠሩት፦ አንደኛው ሌቭል ሲጀምር ለ7 ሰከንድ ወደየጥጋቸው ይበተናሉ፣ ከዚያ ለ20 ሰከንድ ያሳድዳሉ።

ወንድሜ አንድ ነጥብ አግኝቷል። ፓክማን ትልቁን ነጥብ በልቶ አራቱም ለጊዜው ሰማያዊ ሲሆኑ በየመታጠፊያው የሚዞሩት በዘፈቀደ ቁጥር ነው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ያ የቁጥር ሰንሰለት አዲስ ሌቭል ወይም አዲስ ነፍስ በጀመረ ቁጥር ከአንድ ቦታ ነው የሚነሳው። እንደ ተበወዘ ካርታ ነው፣ ግን ሁሌ በአንድ ዓይነት የተበወዘ።

እንግዲህ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ፦ መንገድ መሸምደድ ደስ የሚላችሁ ከሆነ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ማጀቢያ ድምፁን ግን ቀንሱት፤ ያ የማያባራ ሳይረን ራስ ያዞራል። ድንገተኛ ነገር የምትወዱ ሚስ ፓክማንን ሞክሩ። በ1982 የወጣው ይሄ ጌም ሌቭሉ ሲጀምር ቀዩንና ሮዟን ለጥቂት ጊዜ እውነትም በዘፈቀደ ይለቃቸዋል። እጄን አንስቼ ስሞክረው አሟሟቴ አንድ አልሆነም፣ ደብተሬም አልጠቀመኝም።

ወንድሜ አሁን እሱን ነው የሚጫወተው። እኔ ወደ መጀመሪያው ተመልሻለሁ፤ ገና ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ነኝ።