ሲንጋፖር–ኒውዮርክ፦ ቀጥታ ወይስ በፍራንክፈርት?

የሲንጋፖር አየር መንገድ ለዚህ መንገድ ሁለት ዓይነት በረራ አለው። አንዱ የትም ሳያርፍ ይሄዳል። ሌላው ፍራንክፈርት አርፎ ይቀጥላል። በኪሎ ሜትር ካየነው ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ ቀጥታው 15,300 ገደማ፣ የፍራንክፈርቱ 16,500 ገደማ ነው። ሰዓቱ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ቀጥታው ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል። የፍራንክፈርቱ 23 ሰዓት ያልፋል። 1,200 ኪሎ ሜትር ለአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ታዲያ የቀረው ከየት መጣ? ሁለት ሰዓት ያህሉ ፍራንክፈርት መሬት ላይ ያልቃል። ሌላው የነፋስ ሥራ ነው። በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል። ቀጥታው በረራ ብዙ ጊዜ በፓስፊክ በኩል ስለሚሄድ ይኸው ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። ከፍራንክፈርት ወደ ኒውዮርክ የሚበረውን ግን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። በመልሱ ጉዞ ነገሩ ስለሚገለበጥ ክፍተቱ ይጠባል። ስለዚህ ለቀጥታው ተጨማሪ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ፣ ለመሄጃው ብታወጡት ያዋጣል።

ከሰዓቱ በላይ የሚያሳስበው ግን መቀመጫው ነው። ለቀጥታው በረራ የተሠራው ኤርባስ ኤ350-900 ዩኤልአር ኢኮኖሚ ክላስ የለውም። ያሉት 161 መቀመጫዎች ብቻ ናቸው፦ 67 ቢዝነስ፣ 94 ፕሪሚየም ኢኮኖሚ (በኢኮኖሚና በቢዝነስ መካከል ያለው ደረጃ)። በፍራንክፈርት በኩል ግን ኢኮኖሚ አለ። ብዙ ሰው የቀጥታውን ፕሪሚየም ከፍራንክፈርቱ ኢኮኖሚ ጋር አነጻጽሮ «ኧረ ውድ ነው!» ይላል። ይህ ፍርደ ገምድል ነው። ፕሪሚየምን ከፕሪሚየም ጋር አስተያዩ። በፕሪሚየም በረድፎች መካከል 96 ሴንቲ ሜትር ገደማ አለ፤ በኢኮኖሚ 81 ገደማ። 15 ሴንቲ ሜትር በሁለት ሰዓት በረራ ምንም አይደለም፤ በ19 ሰዓት ግን ጉልበት ያውቀዋል።

በዚያ ላይ ኤ350 ውስጥ ያለው አየር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው። በቆዩት ትልልቅ አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ይደርሳል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ስትወርዱ የሚሰማችሁ ድካም ላይ ለውጥ አለው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አውሮፕላን ላይ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ቀጥታውን ይያዝ። ወገቡን የሚያመው፣ ልጅ የያዘ ወይም በጀቱ የጠበበ ሰው በፍራንክፈርት ቢሄድ ይሻለዋል። ቀጥታውን ከመረጣችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ የመተላለፊያውን ዳር ያዙ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። የፍራንክፈርቱ በረራ ኒውዮርክ ከተማ ባለው የኬኔዲ አየር ማረፊያ ያርፋል። ቀጥታው ግን ኬኔዲም ኒውአርክም አለው፤ የኒውአርክ አየር ማረፊያ ያለው በጎረቤቱ ግዛት በኒው ጀርሲ ነው። የሚቀበላችሁ ሰው በየትኛው በኩል እንደሚኖር ሳትጠይቁ ትኬት አትቁረጡ።