በመጀመሪያው ቀን የቦልደሪንግ ጂም የዓመት ውል አትፈርሙ

የቤት ውስጥ ቦልደሪንግ (ያለ ገመድ አጭር ግድግዳ መውጣት) ልትሞክሩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። ከግድግዳው ወርዳችሁ፣ እጃችሁ ገና በቾክ (እጅ እንዳያንሸራትት በሚቀባ ዱቄት) ነጭ እንደሆነ፣ የተከራያችሁትን ጫማ ልትመልሱ ስትቆሙ አንድ ጥያቄ ሊቀርብላችሁ ይችላል፦ «ዛሬ ከተመዘገባችሁ የዛሬው መግቢያ ይታሰብላችኋል፣ የዓመቱም ክፍያ ይቀንሳል፤ ነገ ግን በሙሉ ዋጋ ነው።» ሁሉም ጂም እንዲህ አያደርግም። የሚያደርገው ግን ሰዓቱን መርጦ ነው፤ ሰው እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት ውል የሚፈርምበት ጊዜ የለም። ለጀማሪ ይህ መጥፎ ግዢ ነው፤ የሚያከስራችሁም የቅናሹ ማነስ አይደለም፣ ሰውነታችሁ የተከፈለበትን ያህል መጠቀም ስለማይችል ነው።

ውሉ «ያልተገደበ መግቢያ» ተብሎ ይሸጣል። የጀማሪ ጣት ግን ገደብ አለው። ቆዳው ገና ስላልጠነከረ ከአንድ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ማቃጠልና መላጥ ይጀምራል፤ ክንድም ይደነድናል፣ እጅ መጨበጥ ያቅተዋል። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይበረታል። የጣት ጅማትና ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ቀለበት መሰል ማሰሪያ ግን ወራት ይፈልጋል፤ ገንዘቤ እንዳይባክን ብሎ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው የሚጎዳውም እዚያው ላይ ነው፣ በተለይ የቀለበት ጣት ላይ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት 2 ቀን፣ በመካከሉም ቢያንስ የ48 ሰዓት እረፍት ይበቃል። ይህ አንድም ቀን ሳይቀር በወር 8 ቀን ገደማ ነው። ጉንፋን፣ ሥራና ጉዞ ሲቀነስበት 5 ወይም 6 ይሆናል።

አሁን ስሌቱን ሥሩ። ሻጩ አባልነቱን የሚያወዳድረው ከአንድ ቀን መግቢያ ጋር ነው፤ እናንተ ግን ከ10 መግቢያ ካርድ ጋር አወዳድሩት። ካርዱ በ8 መግቢያ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ፣ እያንዳንዱ መግቢያ ከሙሉው ዋጋ 80 በመቶ ብቻ ነው የሚያስወጣችሁ። የዓመቱ አባልነት በወር ሲሰላ የ6 ቀን መግቢያ ያህል ቢሆን፣ 6 ለ0.8 ሲካፈል 7.5 ይመጣል። በየወሩ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ 8 ጊዜ ካልሄዳችሁ በካርድ መግባት ይሻላችኋል ማለት ነው። ካርዱ የማብቂያ ቀን እንዳለው፣ ለሌላ ሰው መዋል መቻሉንና የጫማ ኪራይ ተጨምሮበት እንደሆነ ጠይቁ። የጫማ ኪራይ ብዙ ጊዜ ከመግቢያው ውጭ ስለሆነ በአባልነቱም ስሌት ላይ ይደመራል።

ውሉን ያለ ሻጩ፣ ቤታችሁ ወስዳችሁ አንብቡት። ወረቀቱን ይዛችሁ እንድትወጡ ካልፈቀዱላችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ራሱን በራሱ የሚያድስ አንቀጽ ካለ፣ ከማብቂያው ስንት ቀን በፊትና በምን መንገድ ማሳወቅ እንዳለባችሁ ይጻፍበታል፤ ቀኑ ካለፈ ሌላ ዓመት ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ግን ሲጎዱ ክፍያ የሚቆምበት አንቀጽ ነው። ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 4.5 ሜትር ነው፣ ገመድ የለም፣ እያንዳንዱ መውደቅ እስከ ፍራሹ ድረስ ነው። ቁርጭምጭሚት መዞር የተለመደ ጉዳት ነው፤ ሳምንታት ያስቀምጣል። ክፍያው ሲቆም ውሉ በዚያው ልክ ይራዘም እንደሆነ፣ የሐኪም ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ አንድ በአንድ እዩ። «እናስቆምላችኋለን» የሚል የቃል ተስፋ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ጂሙንም ከመፈረማችሁ በፊት መርምሩት። አባልነት የሚገዛው አዳዲስ መስመር (ከታች እስከ ላይ የሚወጣባቸው የመያዣዎች ቅንብር) ነው እንጂ ሕንፃው አይደለም። ደህና ጂም ግድግዳውን በክፍል ከፋፍሎ በየተራ ያድሳል፦ መያዣዎቹን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ በሌላ አቀማመጥ ይገጥማል። 8 ክፍል ኖሮት በየሳምንቱ አንዱን ቢያድስ ሙሉው ግድግዳ በ8 ሳምንት ይዞራል። ብዙ ጂሞች በመስመሩ መነሻ ላይ በሚለጥፉት ምልክት ላይ የተሠራበትን ቀን ይጽፋሉ፤ ከሁሉ የቆየውን ፈልጉ። ቀን ከሌለ የእግር መርገጫዎቹን ተመልከቱ፤ በጫማ ጎማ ጠቁረው የሚያንሸራትቱ ከሆኑ ሳይነኩ ከርመዋል። ቀጥሎ ለእናንተ የሚሆኑትን ቀላል መስመሮች ቁጠሩ፤ የመስመሩን ቅለትና ክብደት የሚያሳየው ቀለም በየጂሙ ስለሚለያይ ቪ0 እና ቪ1 (ቀላሎቹ የአስቸጋሪነት ደረጃዎች) የቱ ቀለም እንደሆኑ ጠይቁ። 10 ብቻ ሆነው አንድ ጥግ ላይ ከተጨናነቁ በሁለት ሦስት ቀን ትጨርሷቸዋላችሁ፤ በቀረው ዓመት የምትከፍሉት ልትወጡት ለማትችሉት ግድግዳ ነው።

ፍራሹ ላይ በጉልበታችሁ ወደቅ ብላችሁ ሞክሩት፣ ብዙ ሰው ከሚወድቅበት ከዘመመው ግድግዳ ሥር። ስፖንጁ ደክሞ ወለሉ ከተሰማችሁ፣ ወይም በሁለት ፍራሽ መካከል እግር የሚገባበት ክፍተት ካለ፣ ቅናሹን እርሱት። በእጅ ሲይዙት የሚሽከረከር መያዣም ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው፤ ለሠራተኛ ተናገሩና ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ወዲያው አጥብቆት ከሄደ ጥሩ ምልክት ነው። አወዳደቅ ማስተማርም ከመግቢያው ጋር መምጣት አለበት፦ በሁለት እግር ማረፍ፣ ጉልበት ማጠፍ፣ ወደ ጀርባ መንከባለል፣ እጅን ደረት ላይ መሰብሰብ። ወደ ኋላ በተዘረጋ እጅ መደገፍ የእጅ አንጓንና ክርንን ሊሰብር ይችላል። ይህ የ10 ደቂቃ ነገር ነው፤ ለብቻው ሊሸጡላችሁ ቢሞክሩ እንቢ በሉ።

ከውሉ ጋር «የጀማሪ ጥቅል» ብለው ጫማ፣ የወገብ ቾክ ከረጢትና የጣት ማሠልጠኛ ሰሌዳ ካቀረቡላችሁ ሙሉውን ተዉት። አፍንጫው ወደ ታች የታጠፈ ጠባብ ጫማ ለጀማሪ አይሆንም፤ የሶሉ ጎማ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ጀማሪም ጫፉን ግድግዳው ላይ ስለሚጎትት ቶሎ ይበላዋል። ከሶሉ አልፎ ጣትን የሸፈነው ጎማ ከተቀደደ ማስጠገኑ ይወደዳል። አምስት ስድስት ጊዜ በኪራይ ውጡና ከዚያ ሶሉ ቀጥ ያለ፣ ጣት ጫፉን ነክቶ ግን ሳይቆለመም የሚያርፍበትን ግዙ። የወገብ ከረጢት ለገመድ መውጣት ነው። ቾክ በማንኛውም ዝግ ከረጢት ይያዛል፣ ከፍራሹ ውጭም ይቀመጣል። የጣት ሰሌዳውን ግን በመጀመሪያው ዓመት አትንኩት።

ቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ዛሬውኑ የውሉን ቀን እዩ። የሸማች ሕግ እንዳገሩ ይለያያል፤ በአንዳንድ አገሮች በኢንተርኔት የተፈረመ ውል በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት ሊሰረዝ ሲችል፣ ጂሙ ውስጥ ቆመው የፈረሙት ግን ይህ መብት ላይኖረው ይችላል። የመሰረዝ ጥያቄውን ቀን ባለበት ጽሑፍ ላኩ፣ መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ ጠይቁ። መልሱ ሳይመጣ የባንክ ክፍያውን ብቻ ማቋረጥ ዕዳ ሆኖ ይከማቻል እንጂ ውሉን አያፈርሰውም። ስረዛውን ካልተቀበሉ የዓመቱን ወደ 10 መግቢያ ካርድ እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ፤ ገንዘቡ እዚያው ስለሚቀር ከመመለስ ይልቅ ለዚህ ሊስማሙ ይችላሉ።