የኢሳይያስ ገበሬ በጎንደር፦ ስለ አንድ የአራት ቅዳሜ ትምህርት

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ በእርሻ ምሳሌ የእግዚአብሔርን ጥበብ የሚያስተምር የአራት ቅዳሜ ኮርስ 200 ብር ከፍዬ ተከታትያለሁ። እንዲህ ያለው ትምህርት ብዙ ጊዜ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ባለው የዘሪው ምሳሌ ላይ ስለሚያተኩር እኔም ያንኑ ልሰማ ነበር የሄድሁት፤ መምህሩ ግን እርሱን በመጀመሪያው ቀን ጨርሰው የቀሩትን ሦስት ቅዳሜዎች ለትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 28፣ ከቁጥር 23 እስከ 29 ላለው ክፍል ሰጡት።

ነቢዩ በዚህ ክፍል፣ ገበሬ ሁልጊዜ ሲያርስና ጓል ሲከሰክስ እንደማይኖር፣ መሬቱን ካስተካከለ በኋላ ጥቁር አዝሙዱን፣ ከሙኑን፣ ስንዴውንና ገብሱን በየስፍራው እንደሚዘራ፣ ሲወቃም ጥቁር አዝሙድን በበትር እንጂ በማሄጃ እንደማይወቃ ይናገራል። ማሄጃው ከሥሩ ስለታም ጥርስ ያለው፣ በእህል ላይ የሚጎተት ሳንቃ ነው፤ በበሬ ለምናበራይ ለእኛ እንግዳ ስለሆነ በሥዕል አሳይተውናል። ከዚያም ከነአገዳው የመጣ ጥቁር አዝሙድ ሰፌድ ላይ አድርገው በበትር መምታት ሲጀምሩ፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ የደምቢያ አባት «መምህር፣ እንዲያ አይምቱት፤ አገዳው እየደቀቀ ከፍሬው ይቀላቀልብዎታል። ራስ ራሱን ብቻ ነካ ነካ ያድርጉት» አሏቸው። እንደተባሉት ሲያደርጉ ጥቁሩ ፍሬ ሰፌዱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ሽታው እኔ እስከተቀመጥሁበት ሦስተኛ ረድፍ ደረሰ።

መምህሩ አመስግነው ወደ ማብራሪያቸው ተመለሱ፤ ቅር ያለኝም እዚህ ላይ ነው። ማብራሪያቸው፣ እግዚአብሔር ሰውን የሚገሥጸው እንደ ገበሬው በልክ በልኩ ነው፣ የእንጀራ እህል እንኳ ለዘለዓለም ሲወቃ አይኖርም የሚል ነበር፤ መልካም ነው። ነገር ግን ቁጥር 26 ይህን ወግ ለገበሬው ያስተማረው አምላኩ ራሱ መሆኑን ስለሚናገር፣ የእኒያ አባት እርማት ከማብራሪያው ይልቅ ለንባቡ የቀረበ ነበር፤ ማን እንዳስተማራቸው እንኳ የጠየቃቸው አልነበረም።

ምዕራፉ በኤፍሬም ሰካራሞች ጀምሮ በኢየሩሳሌም ወደሚያላግጡት አለቆች እንዴት እንደሚሻገር የተብራራበት ሦስተኛው ቅዳሜ ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። የታደለው ጽሑፍ ግን ፊደሉ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ሰዓትም አይከበርም። በመጨረሻው ቀን ትምህርቱ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ስለተጀመረ፣ እኒያ አባት የደምቢያ መኪና እንዳያመልጣቸው ሳይጨርሱ ወጡ።