ገመዱ ያጠረው ቻርጀሬ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን የመኪና ባትሪ ቻርጀር ከገዛሁት ስምንት ወር ሆነው። ይሞላል ወይ? ይሞላል። ቪትዜ ሳምንት ቆማ ስትደክምብኝ ማታ እሰካዋለሁ፣ ጠዋት ትነሳለች። ያናደደኝ ገመዱ ነው። ከመቆንጠጫው እስከ ሳጥኑ 60 ሳንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም።

ሻጩ «ጋሼ፣ ባትሪው ላይ ቁጭ ያድርጉትና ይሰኩት፣ አለቀ» ነበር ያለኝ። አይ ወንድሜ፣ አላለቀም! ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ጋዙ ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ታዲያ ሳጥኑን እላዩ ላይ አስቀምጥ ትለኛለህ? ማብሪያ ማጥፊያ እንኳን የለውም እኮ።

በሁለተኛው ወር ሶኬቱን ሳልነቅል መቆንጠጫውን አነሳሁት። ጣ! አለ። የባትሪው ፖል (መቆንጠጫው የሚይዘው ጫፍ) ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ጠባሳ ቀረች። በረንዳው ላይ የቡና ከሰል ተያይዟል፤ ልጄ አጠገቡ ተቀምጣለች። እስከ ማታ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ባትሪውን አውጥቼ፣ ከሰል በሌለበት፣ ነፋሻ ቦታ ነው የምሞላው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በ10 ቁጥር መፍቻ ኔጋቲቩን አስቀድሜ እፈታለሁ። ፖዘቲቩን ባስቀድም መፍቻው ቦዲ በነካ ቁጥር ሾርት ነው። ፖሉ ላይ የጋገረውን ነጭ ዱቄት መነጽርና ጓንት አድርጌ፣ በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እፈትገዋለሁ። አረፋው ቡፍ ብሎ ይነሳል። ክዳኖቹ ግን ጥብቅ ይበሉ፤ ሶዳው ውስጥ ከገባ አሲዱን ያበላሸዋል። ከደረቀ በኋላ ከፍቼ አያለሁ፤ ውስጥ ያሉት ፕሌቶች (የእርሳስ ዝርግ ሳህኖቹ) ከተጋለጡ እስኪሸፈኑ ብቻ ዲስትልድ ውሃ እጨምራለሁ። እስከ አፉ ብሞላው ቻርጅ ሲደረግ ይገነፍላል። ክዳኑን መልሼ ቀዩን ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጋቲቭ አያይዛለሁ። ሶኬቱ መጨረሻ ይሰካል፣ ሲያልቅ መጀመሪያ ይነቀላል።

ሱቁ ተመልሼ ስናገር «ገመዱን ያስቀጥሉት» አሉኝ። በቀጭን ሽቦ ቀጥዬ፣ መጋጠሚያው ግሎ ሌላ ብልጭታ ልፍጠር? አላደርገውም።

ለታናሽ ወንድሜም ልገዛለት አስቤ ባለፈው ሳምንት ሜትር ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ማጥፊያ ያለው፣ ገመዱ 2 ሜትር የሚደርስ እስካገኝ እሱም ይጠብቃል።