ሱቅ ላይ ያማረው መርፌ መኪናችሁ ላይ ላይሠራ ይችላል፦ ዲጂታል ዳሽቦርድ ለምትገዙ

ዲጂታል ዳሽቦርድ፣ ማለትም ፍጥነትና የሞተር ዙር በስክሪን ላይ የሚያሳየውን፣ ለማስገጠም ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። ከሱማሌ ተራ እስከ ለገሃር ባሉ አንዳንድ ሱቆች ስክሪኑ ባንኮኒ ላይ በርቶ ታዩታላችሁ። መርፌው ከዜሮ ተነስቶ ጥግ ድረስ ይወጣል፣ ሳይንገጫገጭ ይመለሳል። ቀለሙም ልብ ይሰርቃል። ችግሩ ያ መርፌ ምንም ነገር እየለካ አይደለም። ስክሪኑ የተሰጠው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የምታዩት አምራቹ አስቀድሞ የጫነበትን ማሳያ ነው።

ጎረቤቴ የራይድ ሾፌር ነው። በዚህ ማሳያ ተማርኮ ለቆየች ቪትዙ አስገጠመ። አብረን ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል ወረድን። መርፌው 32 ላይ ቆሞ ይቆይና ድንገት 38 ላይ ይገኛል። ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ቆማ ስክሪኑ ገና 11 ይላል። ሱቁ ተመልሶ ሲጠይቅ «የመኪናህ ችግር ነው፣ ዕቃው ሰላም ነው፣ እዚሁ አይተኸዋል» አሉት። ገንዘቡንም አልመለሱለትም። እንዲህ ሲባል ብዙ ሰው አፉን ይዞ ይመለሳል፤ ነገርየው ግማሽ እውነት አለውና።

ግማሹ እውነት ይሄ ነው። ከእነዚህ ስክሪኖች ብዙዎቹ መረጃ የሚያገኙት ከመሪው ስር ካለው የኦቢዲ ሶኬት ነው፤ መካኒክ የመመርመሪያ መሣሪያውን የሚሰካበት ማለት ነው። መረጃው ዝም ብሎ አይፈስም። ስክሪኑ የሞተሩን ኮምፒውተር «ፍጥነት ስንት?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል። ከዚያ «የሞተር ዙርስ?»፣ «ሙቀትስ?» እያለ በየተራ ይቀጥላል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ካን የሚባለው የመረጃ መስመር አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 500 ሺህ ቢት ያስተላልፋል። በቆዩ ብዙ መኪኖች ላይ ያለው ኬ-ላይን የሚባለው መስመር ግን 10,400 ቢት ብቻ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ለአንድ ጌጅ በሰከንድ የሚደርሰው መልስ በጣት የሚቆጠር ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «60 ኤፍፒኤስ» ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ይስላል ማለት ነው። ስለ መረጃው ምንም አይናገርም። አዲስ ቁጥር ካልመጣ ያንኑ የቆመ መርፌ ደጋግሞ ይስለዋል።

ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ሌላኛው ግማሽ አለ። ክፍተቱን መሙላት የስክሪኑ ሶፍትዌር ሥራ ነው። ጥሩ አምራች መርፌውን ከ32 ወደ 38 ሲወስደው በመሀል ባሉት ቦታዎች ሁሉ ያሳልፈዋል። ፍጥነት በኦቢዲ የሚመጣው በሙሉ ኪሎሜትር ብቻ ነው፤ 32 ወይም 33 እንጂ 32.5 የለም። ይህ ሥራ ካልተሠራ መርፌው መዝለሉ አይቀርም። ስለዚህ መኪናው የቱ እንደሆነ ሳይጠይቅ የሸጠ ሰው ጥፋቱን በመኪናው ማሳበብ አይችልም።

ከሚዘለው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከልክ በላይ የለሰለሰው ነው። አንዳንዱ ስክሪን ዝላዩን ለመደበቅ የቁጥሮቹን አማካይ እየወሰደ ያዘገያቸዋል። መርፌው ያምራል፣ ግን የሚያሳየው ያለፈውን ነው። ሞተሩ 4,000 ዙር ላይ እየጮኸ መርፌው ገና በ2,500 በኩል ሽቅብ እየሄደ ነው። የሚዘል መርፌ ቢያንስ ችግር እንዳለበት ያስታውቃል።

ስለዚህ የምትገዙት ዕቃ በራሳችሁ መኪና ላይ፣ ሞተር ተነስቶ ይሞከር። የድሮውን ዳሽቦርድ ሳታስነቅሉ አዲሱን ከጎኑ አድርጉት። ሞተሩ በሚኒሞ እያለ ነዳጅ ስጡት፣ ወዲያው ልቀቁ። ሁለቱንም በአንድ ላይ በስልካችሁ ስሎው ሞሽን ቅረጹ። አዲሱ ቢዘል ወይም ወደኋላ ቢቀር ቪዲዮው ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። የሙቀት ጌጅ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚቀየረው። ሻጩ «ስክሪኑ ከተገጠመ በኋላ ይስተካከላል» ካለ ጥላችሁት ውጡ።

አደራ የምለው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በኦቢዲ ብቻ የሚሠራ ስክሪን አስገብታችሁ ኦሪጅናሉን ዳሽቦርድ አታስወጡ። መደበኛው ኦቢዲ የዘይት ግፊት የሚባል መረጃ የለውም። የዘይቷ ቀይ መብራት ከድሮው ዳሽቦርድ ጋር ከወጣች ዘይት ሲያልቅ የሚነግራችሁ የለም፣ ሞተሩ ይነክሳል። ለአኒሜሽን ሲባል ሞተር ሲሄድ ማየት ያማል።

ከገዛችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኙ ላይ የስክሪኑ ሞዴልና «ለዚህ መኪና ይሠራል» የሚለው ከነመኪናው ዓመተ ምህረት ይጻፍ። ጎረቤቴ አሁን የሚከራከረው በቃል ብቻ ነው። ቀድሞ የገዛችሁም ካላችሁ ካርቶኑን አትጣሉ፣ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ዛሬውኑ ተመለሱ። የመኪናችሁን ሞዴልና ያያችሁትን ከታች ጻፉልን፤ ነገ ቀብድ ሊከፍል የሚሄድ ሰው ያየዋል።