ጠባብ መስመር ወይስ ሰፊ? በዝናብ ለሚለማ ጥጥ

ፒያሳና ሜክሲኮ ቢሮ ይዘው መተማና ሁመራ በዝናብ ጥጥ የሚያለሙ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

የዘር መስመሮቹ ሲቀራረቡ ቅጠሉ ቶሎ ይገጥማል፣ አፈሩን ያጠላል፤ በከንቱ የሚተነው ውኃ ይቀንሳል፣ አረምም ይታፈናል። ዝናቡ ከዘለቀ ምርቱ ይበልጣል።

ሰፊው ግን፣ ለምሳሌ በ1 ሜትር ርቀት 2 መስመር ዘርቶ 1 መዝለል፣ ውኃውን ያቆያል። ሥሩ ወደ ባዶው መሬት የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ዝናቡ ቀድሞ ቢቋረጥ እንኳ አበባውና ፍሬው የሚጠጣው ያገኛል፤ የጥጡ ጭረትም (ክር የሚፈተልበት ቃጫ) በውኃ ጥም አያጥርም። ይህ የሚሠራው እርጥበት በሚይዝ ጥልቅ ዋልካ አፈር ላይ ነው። አደራ፣ ባዶው መስመር ይታረም! አለዚያ የተቆጠበውን አረሙ ይጨርሰዋል።

ዝናቡ ለማይታመንበት መሬት እኔ ሰፊውን እመርጣለሁ፤ በጥሩ ዓመት ከጠባቡ ያነሰ ቢሰጥም።