ለእንግሊዝኛ ክፍሌ የገዛኋት ስፒከር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በመጽሐፉ የማዳመጥ ክፍል ሲደርስ ምንባቡን የሚያነበው መምህሩ ነው። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ የሚሰማው የአንድ ሰው እንግሊዝኛ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህቺን ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር የገዛሁት ለዚህ ነው። ከመስከረም ጀምሮ እየሠራሁባት ነው።

በጣም የጠቀመኝ ሚሞሪ ካርድ መቀበሏ ነው። በብሉቱዝ ሳጫውት መሃል ላይ ስልክ ይደወላል። በሚሞሪ ግን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኢንተርኔትም አያስፈልግም። መብራት ቢጠፋም ባትሪዋ ፈረቃውን ትጨርሳለች።

ከሁሉም የምወደው ግን የማቆሚያ ቁልፏን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን፣ ያንን የክፍል ቴሌቪዥን፣ ያስታውሳል። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ ገባችሁ አልገባችሁ ይቀጥላል። ቁም ማለት አይቻልም። አሁን ግን «ሰርቲን» (13) ይሁን «ሰርቲ» (30) ያልለየለት ልጅ እጁን ካወጣ አቆማለሁ፣ ደግሜ አሰማለሁ። ሦስተኛው ላይ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ሰርቲን ነው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ዋጋዋን ያወጣችው እዚህ ላይ ነው።

ችግሯ ወደኋላ ትንሽ መመለስ አለመቻሏ ነው። ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት ወደ ሌላ ፋይል ትዘላለች፤ ተጭነው ሲይዙት ድምፅ ትቀንሳለች። ስለዚህ ማታ ማታ ቅጂዎቹን በስልኬ እቆራርጥና ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። አድካሚ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለም። የምጠቀመው በአብዛኛው የቪኦኤን የመማሪያ ቅጂዎች ነው። ጣቢያው በ1959 እ.ኤ.አ. የጀመረው ስፔሻል ኢንግሊሽ በ1,500 ገደማ ቃላት፣ ዝግ ባለ ንባብ የሚቀርብ ነበር። ለእኛ ልጆች እንዲህ ያለው ይስማማቸዋል።

ስትበራ «ዘ ብሉቱዝ ዲቫይስ ኢዝ ሬዲ ቱ ፔር» ብላ ትጮኻለች። ልጆቹ አሁን አብረዋት ይሉታል፣ ያውም ከነዜማው! ማንም አላስጠናቸውም። ደጋግመው መስማታቸው ብቻ አስቻላቸው።

ድምፁን እስከ መጨረሻ አትክፈቱት፤ ይሰነጠቃል፣ «ኤስ» እና «ኤፍ» አይለዩም። ጠረጴዛዬ ላይ ሳይሆን መሃል ዴስክ ላይ ሳስቀምጣት ኋላ ያሉትም ይሰማሉ።

በቅርቡ የቻርጀር መሰኪያዋ ላልቷል፤ ገመዱን ካላዘነበልኩት አይሞላም። ልትገዙ ከሆነ መሰኪያውን እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክታችሁ ነቅንቁት። ሚሞሪ ካርድም ይዛችሁ ሂዱና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ።